መቋሚያው ላይ ያረፈው ካሜራ

እሑድ፣ ግንቦት 10፣ ሮም

ዛሬ የደብራችን ልጆች ዋንጫ በሉ! እኔም በልቻለሁ!

ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ በሜትሮ ተሸክሜ ብሄድ፣ ዳኛው ገና ሲያየው «ልጆቹ ይደናቀፉበታል፣ አውጪው!» አለኝ። ሌንሱ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። በእጄ ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ከቅዳሴ በቀጥታ የመጡት ሽማግሌው አባ መቋሚያቸውን ዘረጉልኝ።

«እርስዎስ አባ?»

«ስንት ማኅሌት ያቆመኝ ነው፤ አንድ ጨዋታ አያቅተውም» ብለው፣ እያነከሱ ከጎሉ ጀርባ ሄዱ።

ሌንሱን መቋሚያው አናት ላይ አሳረፍኩት። ንቅንቅ የለም! ኳሷን እየተከተልኩ እንደልቤ ዞርኩ። ሊያልቅ ሲል የኛ ልጅ በቴስታ መታ፤ ፎቶ አነሳሁት።

ፎቶውን ደጋግሜ እያየሁት ነው። ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። ከመረቡ ጀርባ አባ፣ ያለ መቋሚያ፣ ሁለት እግራቸው አየር ላይ ነው።