«ይጣራ» ተብሎ የቀረው ካርድ

እህታችን ከደብዳቤ አዳይ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከማተሚያ ቤት ጀርባ በነበረች ሁለት ክፍል ቤት፣ የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ ወንድም ተከተላቸው፤ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው እሱ ነው። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት በእህታችን ሳሎን ተቀምጣችሁ ወንድማቸው ምን እንዳላቸው በጆሯችሁ ሰምታችኋል። ስለዚህ «እሱ ደግሞ በምን አፉ ነው የሚጽፈው?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ጻፍ ያለችው ልጃቸው ናት። «አጎቴ፣ በሰው ፊት የተባለ በሰው ፊት ነው የሚመለሰው» አለችው። እሺ ከማለት ሌላ ምን ይላል?

ማተሚያ ቤቱ የተበላሸ ወረቀት በጓሮ በኩል ይጥል ነበር። እህታችን ፊደል የቆጠሩት በዚያ ወረቀት ነው። አንዳንዱ ግማሹ ብቻ የታተመ፣ አንዳንዱ ቀለም የጠጣ፣ አንዳንዱም ሁለት ጊዜ ተደራርቦ የታተመ ነበር። የጎደለውን ቃል ከፊቱና ከኋላው አይተው መሙላት የለመዱት ያኔ ነው። ታናሽ ወንድማቸውንም በዚያው ወረቀት አስተማሩት። «ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ግን ቶሎ አይመልሱለትም። «ማን ነው ያለው? ለማን ነው ያለው?» ይሉታል። እሱም ይበሽቅና ወረቀቱን ጥሎ፣ ኳሱን አንሥቶ ይወጣል። ያ ብሽቀት አብሮት አደገ፤ ከእሱ ጋር አረጀ ቢባልም ውሸት አይደለም።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው በድንገት አረፉ። እናታቸው በአንዲት የስፌት መኪና ሁለት ልጅ አሳደጉ። እህታችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቁልፍ እየተከሉ፣ ጠርዝ እየቀመቀሙ፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያጠኑ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ተምረው በማዕረግ ተመረቁ። ባንክ ቤት ሊቀጥራቸው ፈልጎ ሳለ፣ በሃያ አራት ዓመታቸው መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ገቡ። እናታቸው «ልጄ፣ ቃል ይበላል እንዴ?» ብለው አንድ ሳምንት አኮረፉ። ወንድማቸው ደግሞ ትምህርት አልሆነለትምና በሕዝብ አውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ የፍሬን መካኒክ ሆኖ ተቀጠረ። የመጀመሪያ ቱታውን በልኩ ያጠበቡለት እህታችን ናቸው። እጅጌውን ለክተው ሲጨርሱ ጀርባውን መታ አድርገው «በል እንግዲህ፣ ሰው ሁሉ አንተን አምኖ ነው አውቶቡስ የሚሳፈረው» አሉት። ይህንን አልረሳውም።

በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ከአንድ የጂኦግራፊ መምህር ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ዝምተኛ፣ ከሳቁ ግን ሳቃቸው ሦስት ቤት የሚሰማ ሰው ነበሩ። እሳቸውም ከሃያ አንድ ዓመት በፊት አርፈዋል። ልጃቸው ዛሬ የድልድይ መሐንዲስ ናት።

የእህታችን ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ የአውቶቡስ ማቆሚያውን የሚያይ ክፍል ነበር። ግድግዳው ሙሉ የብረት መሳቢያ ነው፤ መሳቢያው ሙሉ ካርድ ነው። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ቃሉ፣ ማን እንዳለው፣ ለማን እንዳለው፣ የትና መቼ እንደተባለ ይጻፋል። ከታች «ምን ማለቱ ነው?» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ አዘጋጁ የመሰለውን ትርጉም ይጽፍና በካርዱ ጥግ በቀይ እርሳስ «ይጣራ» ይላል። ከዚያ ተናጋሪው ዘንድ ተመልሶ ያነብለታል፤ «እንዲህ ማለትህ ነበር?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው አዎ ካለ «ይጣራ» ተሰርዞ «ተጣርቷል» ይጻፋል። ተናጋሪው ያላመነበት ካርድ መሳቢያ አይገባም። ይህን ሕግ ያወጡት ሌሎች ቢሆኑም አጥብቀው የያዙት እህታችን ነበሩ። የሥራ ባልደረቦቻቸው «ወይዘሮ ማስረጃ» ብለው ስም አውጥተውላቸዋል። ዝናብ መጣ ሲባሉ «ማን አለ?» ይላሉ እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር፤ ሲቀለድባቸው ከሁሉ በላይ የሚስቁት እሳቸው ነበሩ።

አርባ አምስት ዓመት ሲሆናቸው ኒዮሊበራሊዝም የሚባል ቃል ጋዜጣውንም ሬዲዮውንም ሞላው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጠርተው «በአንድ ሳምንት ፍቺ አምጪልኝ» አሏቸው። እህታችን ካርዳቸውን ይዘው ወጡ። አንድ የሠራተኛ ማኅበር መሪ «የሕዝብን ንብረት ለነጋዴ መስጠት ነው» አሉ። አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ደግሞ «መጀመሪያ ነገር ምሁራን ራሳቸው ለራሳቸው ያወጡት ስም ነበር። ገበያው ነጻ ይሁን፣ መንግሥት ግን ደንቡን ያስከብር የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በዚህ ስም ራሱን የሚጠራ አንድ ሰው ፈልገሽ አምጪልኝ እስቲ!» አሏቸው። የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያው «ስድብ ነው እንጂ ትርጉም የለውም» አለ። አንዲት ወጣት መምህርት «ሰው ራሱን እንደ ድርጅት እንዲያይ ማድረግ ነው፤ ከሰረ ጥፋቱ የራሱ ብቻ ይሆናል» አለች። አንድ ሚኒስትር ተቃዋሚዎቻቸውን በዚህ ቃል ሰደቡ፤ በወሩ ተቃዋሚው ሚኒስትሩን በዚያው ቃል መልሶ ሰደባቸው። የሰፈር ዳቦ ሻጯ «ዋጋ ሲወጣ ሬዲዮኑ የሚለው ነገር» ብላ አረፈችው። እህታችን ሁሉንም ጻፉ፣ ሁሉም ዘንድ ተመልሰው አጣሩ። ሁሉም «አዎ፣ እንዲህ ማለቴ ነው» አሉ።

አንዱ ሳምንት አራት ዓመት ሆነ። የ«ነ» ቅጽ በእሳቸው ምክንያት ዘገየ። ኃላፊው «እመቤቴ፣ አንድ ቃል እኮ ነው!» ብለው ጠረጴዛ ደበደቡ። እህታችን «ጌታዬ፣ ቃሉ ባዶ ቢሆን በአንድ ቀን እጨርሰው ነበር። የቸገረኝ ሞልቶ መፍሰሱ ነው» አሉ። በመጨረሻ ቅጹ ያለዚያ ቃል ታተመ። አንድ ጋዜጣ «አንድ ቃል ያቃታቸው ወይዘሮ» ብሎ ተሳለቀባቸው። ጽሑፉን ቆርጠው ከካርዶቹ ጋር አስቀመጡት፤ ያም አንድ ማስረጃ ነው ብለው።

ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። የአውቶቡስ ድርጅቱ ለግል ባለሀብት ይተላለፍ የሚል ጥናት በውጭ አገር ባለሙያዎች ተጻፈ። መተርጎም ያለበት የእህታችን መሥሪያ ቤት ነበርና ሥራው ለእሳቸው ደረሰ። ተረጎሙት፤ የመጨረሻው ገጽ ላይም «ተርጓሚ» ተብሎ ስማቸው ሰፈረ። ድርጅቱ ተሸጠ። ሦስት መቶ አርባ ሠራተኛ ተሰናበተ፤ ከእነዚያ አንዱ ሃያ ሰባት ዓመት ፍሬን የጠገነው ወንድማቸው ነው።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ጋራዡ ከመሸጡ በፊት ግማሹ አውቶቡስ መለዋወጫ አጥቶ ድንጋይ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሠራተኛው ፀሐይ ሲሞቅ ይውል ነበር። ከተሸጠ በኋላ አዳዲስ አውቶቡስ መጣ፣ ሰዓትም ማክበር ጀመረ። ዳር ያሉ ሰፈሮች ግን ተሳፋሪያቸው ትንሽ ነው ተብሎ መስመራቸው ተዘጋ። ተሻለ የሚለውም ተበደልን የሚለውም እስከ ዛሬ ይከራከራል። ያኔ ግን ወንድማቸው ይህን ሁሉ ሊያመዛዝን አልቻለም። ያየው ገጹ ላይ ያለውን ስም ብቻ ነው።

የልጃቸው የምረቃ ምሳ ዕለት፣ ዘመድ ወዳጅ ሞልቶ ሳለ፣ ወንድማቸው ከመቀመጫው ተነሣ። «አንቺ ኒዮሊበራል! የወንድምሽን ጉሮሮ ዘግተሽ ድግስ ትደግሺ?» አለ። እህታችን ሳህን ይዘው ቆመው ነበር። ቀስ ብለው «ምን ማለትህ ነው?» አሉት።

እሱ መስሎት የነበረው ያላገጡበት ነው። መሃይም መካኒክ የማያውቀውን ቃል ተናገረ፣ ፍታው እስቲ የሚሉት መሰለው። በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። እህታችን ግን ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ሁሉ የጠየቁትን ነበር የጠየቁት፤ ከልባቸው ነበር። ያንን ለመረዳት አሥራ ሦስት ዓመት ፈጀበት። ድንጋይ ራስ!

በነዚያ ዓመታት አንድም ቃል አልተነጋገሩም። እህታችን በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ወንድማቸው በቤቱ በር ላይ ፍሬን መጠገኛ ከፍቶ መዶሻውን ያንኳኳ ጀመር። ካለፈው ዓመት ወዲህ እህታችን የልብ ድካም ይዟቸው ሰባት ወር ታመሙ። ወንድማቸው ሁለት ጊዜ እስከ ሆስፒታሉ ደረጃ ሄዶ ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ገባ። እህታችን ተኝተው ነበር። ሊቀሰቅሳቸው አልደፈረም፤ አጠገባቸው ለአራት ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ክንዱ አልጋውን በነካው ቁጥር አልጋው ይንሸራተታል፤ የጎማው ፍሬን አልቋል። ወንድማቸው ቁልፍ ከኪሱ አይለይምና ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ፍሬኑን ጠገነ። ከዚያም ነገ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ሲነቁ ልጃቸው ትራስ ልታስተካክል አልጋውን ገፋችው። አልነቃነቅም አለ። እህታችን «ወንድሜ መጥቶ ነበር እንዴ?» አሉ። ልጃቸው «ማን ነገረሽ?» ብትላቸው ፈገግ ብለው ወደ ታች፣ ወደ አልጋው ጎማ ፍሬን አመለከቱ። በማግሥቱ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት አረፉ። ወንድማቸው ሸሚዝ ተኩሶ ለብሶ፣ የሚላቸውን በልቡ አጥንቶ ሲደርስ አልጋው ተነጥፏል።

ከዚህ በኋላ «ወንድማቸው» እያልኩ መጻፍ አልችልም። እኔ ነኝ።

ለዚህ ጽሑፍ ፎቶግራፍ ስንፈልግ ልጅሽ የጫማ ካርቶን ከቁም ሣጥንሽ አወጣች። የዚያ ቃል ካርዶች ናቸው፤ ስልሳ ሰባት። ሁሉም ላይ «ተጣርቷል» ይላል። ስልሳ ስምንተኛው ግን ከካርቶኑ ውስጥ አልነበረም፤ ቦርሳሽ ውስጥ ነበር፤ ጠርዙ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተበልቷል። እንዲህ ይላል፦ «ቃሉ፦ ኒዮሊበራል። ማን አለው፦ ወንድሜ። ለማን፦ ለእኔ። የት፦ ሳሎኔ ውስጥ፣ ሰው እየሰማ። ምን ማለቱ ነው፦ እኔ ስባረር አንቺ የት ነበርሽ?» ጥጉ ላይ በቀይ እርሳስ «ይጣራ»።

ልጅሽ ነገረችኝ። ልታጣሪው ሁለት ጊዜ ወደ እኔ መጥተሻል። አውቶቡሱ ወደ እኛ ሰፈር መምጣት አቁሟልና በዚያ በደከመ ልብሽ ዳገቱን በእግርሽ ወጥተሻል። በሬ ላይ ደርሰሽ የመዶሻዬን ድምፅ ሰምተሽ «ገና አልበረደለትም» ብለሽ ተመልሰሻል። ኧረ እታለም! ሥራዬን እየሠራሁ ነበር እኮ። ብታንኳኪ ኖሮ መዶሻውን ጥዬ እንደ ሕፃን ነበር የማለቅሰው።

ያ ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ምን እንደሚባል ዛሬም አላውቅም። አዋቂዎቹ ይከራከሩበት። አንቺ ላይ ግን በሐሰት ነው የወረወርኩት፤ በሰማችሁት ሁሉ ፊት መልሼ ወስጄዋለሁ። ካርድሽን ግን ልክ ጽፈሽዋል። እንዲህ ማለቴ ነበር። «የት ነበርሽ?» ማለቴ ነበር። ዛሬ ጠዋት በራስሽ ቀይ እርሳስ «ይጣራ» የሚለውን ሰርዤ «ተጣርቷል» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ከእጅሽ ሥር አድርጌዋለሁ።

እህታችን አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። የመጣችሁ ሁሉ፣ ያስታመማችሁም ያጽናናችሁም፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ። ለአንቺም እታለም፣ ማስረጃ ሳይጠይቅ ሰውን የሚያውቅ አምላክ ነፍስሽን በሰላም ይቀበልልኝ።