በወፌ ስም የተመዘገበው እንቁላል

ለተከበሩ የሥነ ምግብ ጥናቱ ዋና ተመራማሪ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የጥናትዎ ወረቀቶችም በመልካም ጤንነት እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በሆቴል ልብስ እያጠብኩ የምተዳደር፣ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛልና ለፊደሌ መጣመም ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሁሉም እንዲያነበው ብዬ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ፣ እርስዎ ካሰቀሉት ሰንጠረዥ አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

ወፌ እያልን የምንጠራት የሦስት ዓመት ልጄ በጥናትዎ ውስጥ ቁጥር 212 ነበረች። ከሞተች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1. በየወሩ ስለሚልኩልን ጨዋ ሠራተኛ አመሰግናለሁ። ደጃፋችን ላይ በርጩማ ስበን እናስቀምጣታለን፤ እሷም ጎረቤት ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ እየሰማ «እናቴ፣ ልጅቷ ትናንት ምን ምን በላች?» ብላ ትጠይቀኛለች። በሰው ፊት ልጄ ጦሟን አደረች የምትል እናት ካገኙ እባክዎ ያሳዩኝ። እኔ እንቁላል አልኩ። ወተትም ጨመርኩበት፤ ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ። የበላችው ሻይና የደረቀ ዳቦ ነበር። ለዚህ ውሸቴ ከእርስዎ ፍርድ አልጠብቅም፤ እኔው በየቀኑ እፈርድበታለሁ።

2. ሠራተኛዋ በወፌ ክንድ ላይ የጠመጠመችው ባለቀለም ጥብጣብ ቀዩ ላይ ቆመ። ቀይ ማለት ልጁ በምግብ እጦት ክፉኛ ተጎድቷልና ዛሬውኑ ይታከም ማለት እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው። እሷ ግን ታውቅ ነበርና ደንግጣ ደወለችልዎ። «እንቁላልና ወተት የምታገኝ ልጅ እንዲህ ዓይነት ክንድ አይኖራትም፤ ልኬቱ ተሳስቶ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ድገሚው» ሲሉ ድምፅዎ ከስልኩ አልፎ እኔም ዘንድ ደረሰ። የእናትን ቃል እንዲህ ስላከበሩ አመሰግናለሁ፤ በዕድሜዬ ቃሌን ሳይጠራጠር የተቀበለኝ ባለሥልጣን እርስዎ ብቻ ነዎት። ዋሽቻለሁ ልል አፌን ስከፍት የጎረቤቴን ዓይን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። የሚቀጥለው ወር ለእርስዎ መጣ፤ ለወፌ ግን አልመጣም።

3. ሰንጠረዥዎ በሰፈራችን እንቁላል የሚመገቡ ሕፃናት በእጥፍ ጨመሩ ይላል። እንኳን ደስ አለዎት። ለቅሶ የደረሱኝ ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ እያሉ «እኔም እኮ እንቁላል ነው ያልኩት» አሉኝ፤ አንዷ ያለችውን የሰማች ሌላዋ እንዴት አንሳ ትታይ? በመንገዳችን ያለው ዶሮ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዶሮ ብቻ ነው። እሱም አውራ ዶሮ ነው።

ከምስጋናው ቀጥሎ አንድ ልመና አለኝ። የወፌ ታናሽ ወንድም ዓመት ከሁለት ወሩ ሲሆን፣ የፊታችን ሰኞ በጥናትዎ ሊመዘገብ ነው። ሠራተኛዋ ወፌን የለካች ቀን ጥብጣቡን እኛ ቤት ረስታው ሄዳ ነበር። ትናንት የልጁን ክንድ ለካሁበት፤ ቢጫ ነው። ከቢጫ እስከ ቀይ ስንት ቁርስ እንደሚቀር የተማሩት እርስዎ ነዎትና ከመመዝገብዎ በፊት ያክሙልኝ። ሌላ ልጅ የለኝም።

ጊዜዎን በከንቱ እንዳላባከንኩ ተስፋ እያደረግሁ፣ ለዕውቀትዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቁጥር 212 እናት

ማስታወሻ፦ እጄ ይህን ሁሉ በአደባባይ ቢጽፍም አፌን አውቀዋለሁ፤ ሰኞ ሠራተኛዎ በሰው ፊት ከጠየቀችኝ አሁንም እንቁላል ማለቴ አይቀርም። ስለዚህ እኔን አይጠይቁኝ። ድስቱን ከፍተው ይዩት።