የአራስን ጣሳ ስላስቀረው ውህደት

መጋቢት ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.
አዋሳ

ለተከበሩ ጓድ ሸዋንግዛው
የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውህደት ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነትና በተሟላ የምግብ ፍላጎት ላይ እንዳሉ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኛ የወተቱ ሽታ ምግብ ካስጠላን ወዲህ፣ የእርስዎ እንኳ እንዳይጓደል እንጸልያለን። ደብዳቤውን ወደ ቢሮዎ በመላክ ፈንታ በወተት መሰብሰቢያው ግድግዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ሂስ አብዮቱን ያጠነክራል ብለው በስብሰባ ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ ትምህርቱ እንደገባኝ ለማሳየት ብቻ ነው።

የቱላና የምሥራቅ የወተት ማኅበራት አንድ እንዲሆኑ፣ አንድነቱንም ኮሚቴዎ እንዲቆጣጠር ከተወሰነ ወዲህ ያገኘነው ጥቅም የሚከተለው ነው።

፩. መሰብሰቢያው ለአንዱ ማኅበር እንዳያዳላ በሁለቱ መካከል፣ ዛፍም ውኃም በሌለበት ሜዳ ላይ እንዲሆን በማድረግዎ እናመሰግናለን። ፍርዱ እንከን አይወጣለትም፤ ከቱላ የመጣውም ከምሥራቅ የመጣውም ወተት እኩል ይበላሻል። የኮሚቴው አባላት መጥተው እስኪፈርሙ በፀሐይ የሚጠብቀው ባለጋሪው ኑሪ፣ የወተቱን ቢዶን ክዳን ገፍቶ የሚወጣውን አረፋ እያየ፣ ወተቱ ከፈረሴ ቀድሞ ከተማ ሊገባ ነው እያለ ሁላችንንም ያስቃል።

፪. ዕቃውን በወይራ ጭስ ማጠን ኋላ ቀር ልማድ ነው ተብሎ ስለተከለከለ፣ ከድካም አርፈናል። ቀድሞ እያንዳንዷ ሴት የሌላዋን ወተት ሳታሸት ከራሷ ጋር አትቀላቅልም ነበር። ይህም በአምራቾች መካከል ጥርጣሬን ይዘራል ስለተባለ፣ ዛሬ የጤነኛዋም የታመመችዋም ላም ወተት ሳይሸተት ይደባለቃል። ተቆጣጣሪዎችዎ ግን ሲፈርሙ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይይዛሉ። በቢዶኑ አፍ ዙሪያ የደረቀው ቢጫ ቅርፊትና የሰፈረበት ዝንብ እኔን ያቅለሸልሸኛል፤ ይህንኑ ለከተማው ሕዝብ ጠጡ ብሎ መላክ ያላቅለሸለሸው ሆድ እጅግ የጸና መሆን አለበት።

፫. አሁን እንድጽፍ ወዳስገደደኝ ነገር ልምጣ። በቱላ ማኅበራችን እያንዳንዷ ሴት ማለዳ ስታልብ፣ ወተቱ ከቢዶን ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ጣሳ ቀንሳ በተራ አራስ ላለችበት ቤት ትልክ ነበር። ያዘዘን አልነበረም። ኮሚቴዎ ይህን ከዕቅድ ውጭ የሆነ ሥርጭት ብሎ አስቀረው። ጣሳው ግን አልቀረም፤ መድረሻው ተለወጠ እንጂ። የጥራት ናሙና ተብሎ ገና ትኩስ ሳለ ይወሰድና፣ ፒያሳ በሚገኘው ቢሮዎ በሻይና በብስኩት እየታገዘ ይመረመራል።

ጎረቤቴ ሙሉዬ ከወለደች ወር አልሞላትም። ባሏ ዘምቷል፤ ጡቷ ደርቋል። ልጇ የሚጠባው በስኳር ውኃ የተነከረ ጨርቅ ነው። ከአራስ ቤት ወጥታ ቢሮዎ ድረስ ሄዳ ብትለምን፣ ሕፃኑ የማኅበሩ አባል ስላልሆነ ጉዳዩ በውህደቱ ጉባኤ እስኪታይ እንድትጠብቅ ተነገራት። እኛም ለአባልነት እስኪደርስ እንዲታገሥ ለሕፃኑ አስረዳነው፤ ንቃቱ ዝቅተኛ ሆኖ ነው መሰለኝ፣ ማልቀሱን አላቆመም። ድምፁ ግን በየቀኑ እየቀነሰ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ዝምተኛ ሴት ነኝ። ያስተማረኝም የለም፤ ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ትቶልኝ በሄደው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ፊደሉን ለብቻዬ ለመድሁ። ጣሳው እንዲቀር የተወሰነ ዕለት መናገር ሲገባኝ ዝም ብያለሁ፤ ያ ዝምታ ዛሬም ከእኔ ጋር ይኖራል፤ ሁለተኛ ልጨምርበት አቅም የለኝም። የምጠይቅዎ የአራሷ ጣሳ እንዲመለስ ብቻ ነው። ውህደቱንም፣ ሜዳውንም፣ ዝንቡንም ለእርስዎ ትተናል።

በደብዳቤ መጨረሻ ስለ ሞት የሚናገረውን መፈክር መጻፍ እንደሚገባ አውቃለሁ። በዚህ ሰሞን አራስ ቤት ስለምመላለስ እጄ እምቢ አለኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስለ እያንዳንዱ ጠብታ በሚያደርጉት ቁጥጥር ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ደብሪቱ ኩማ
ከቱላ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከስብሰባዎ ስንመለስ የቱላ ሴቶች መንገድ ላይ ቆመን ተስማምተናል። ከነገ ጀምሮ የመጀመሪያውን ጣሳ በቀጥታ ወደ ሙሉዬ ቤት ይዘን እንሄዳለን፤ መሰብሰቢያው የምንመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ስርቆት ከሆነ ሁላችንንም እዚያው ያገኙናል። ጠባቂዎችዎ ግን በሩን በሰደፍ እንዳይመቱ ይንገሩልን፤ ጠጥቶ የተኛ ሕፃን መቀስቀስ ነውር ነው።