ባሕሩ ሲሞቅ ቤታችን ተለቀለቀ

ነሐሴ 27
ሙቀት። የገጠሩን ቀበሌ ጨርሰን የወባ ርጭቱ ዛሬ የኛ ሰፈር ደረሰ። የራሴን ቤት ራሴ ረጨሁ። ባለቤቴ በላይነሽ ድስቷንም ዶሮዋንም ደጅ አውጥታ ስትነጫነጭ ዋለች። "ሃያ ዓመት ወባ ስታባርር ወባውም አልሄደ፣ አንተም አላረፍክ!"

ከዞን ወረቀት መጥቷል። የሕንድ ውቅያኖስ በኛ በኩል ከወትሮው ሞቋል። የሞቀ ባሕር እርጥበት ይልካል፣ በጥቅምት ያልተለመደ ዝናብ ሊጥል ይችላል። ከዝናቡ ኩሬ፣ ከኩሬው ትንኝ፣ ከትንኟ ወባ። ይሄንኑ በማጉያ ለሰፈሩ ተናገርኩ። ባለባጃጁ ሙሀሲን እጁን አወጣ።
"ጋሼ ደረጄ፣ ባሕሩ የት ነው ያለው?"
"ከጅቡቲ ወዲያ።"
"ታዲያ እዚያ ላሉት አይነግሯቸውም?"
ሰው ሁሉ ሳቀ። ተናድጄ ማጉያውን ዘግቼ ገባሁ።

ጳጉሜን 2
ልጃችን ሰላማዊት ከደብረ ሲና ደወለች። ኅዳር አጋማሽ ላይ ትወልዳለች... የመጀመሪያዋ! ወሩ ሲገባ እናቷ ቤት ልትታረስ ትወርዳለች። በላይነሽ ስልኩን እንደያዘች ዘለለች። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ግን አሰብኩ። ስድስት ዓመት ብርድ አገር የኖረች ልጅ፣ ያውም ነፍሰ ጡር፣ ወባ ብትይዛት? ሁለት ነፍስ ነው። ደግነቱ ቤቱ ተረጭቷል። ተረጋጋ፣ ደረጄ።

መስከረም 14
ጠብታ የለም። ሙሀሲን ባየኝ ቁጥር ክላክስ ነፍቶ "ባሕሩ ቀዘቀዘ እንዴ?" ይለኛል። ባለጌ።

መስከረም 24
ወይ ጉድ! ከመስክ ስመለስ ቤቴ አዲስ ቤት መስሏል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በጭቃና በእበት ተለቅልቋል። መድኃኒቱስ? ከሥር! ተቀበረ! ትንኟ የምታርፈው ላዩ ላይ...
"ምን አደረግሽ?"
"አራስ ትመጣለች፣ ቤቴን አሳመርኩ። ያ የረጨኸው ነጠብጣብ ያስጠላል።"
"የተረጨ ግድግዳ ስድስት ወር አይነካም! በአሥራ አራት ቀበሌ የጮህኩትን አልሰማሽም?"
"እኔ ከአሥራ አራቱ በየትኛው ነው የምኖረው? ለኔ መቼ ነገርከኝ?"
አሰብኩ። አልነገርኳትም! ያን ቀን ሲሳቅብኝ አኩርፌ ስለ ግድግዳው ሳልናገር ነው የገባሁት። ጎረቤታችን ናፊሳም የበላይነሽን አይታ ለቅልቃለች። ምን ብዬ ልቆጣት? ተጨማሪ መድኃኒት ጠየቅሁ፣ አልቋል አሉኝ።

ጥቅምት 2
ዘነበ። ሦስት ቀን ሙሉ። ማሽላው ሊደርስ ሲል! በላይነሽ የልቅለቃውን አፈር ያወጣችበት ጉድጓድ ጢም ብሎ ሞልቷል።

ጥቅምት 10
ከጉድጓዱ በጭልፋ ቀድቼ አሳየኋት። ይርመሰመሳል።
"ይሄ ምንድነው?"
"ትል።"
"በሳምንት ውስጥ ክንፍ አውጥቶ ቤትሽ የሚገባ ትል።"
ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ፦ "በኔ ጭልፋ ነው እንዴ የቀዳኸው?"
ጉድጓዱን ደፈንኩት። የመንደሩን ሁሉ ጉድጓድ ግን ማን ይደፍናል?

ጥቅምት 28
ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያው ወባ ያገኘባቸው ሃያ ነበሩ፣ በዚህ ሳምንት መቶ ስድስት። ሙሀሲንም ወድቋል።

"ሰላማዊት አትምጣ" አልኩ።
"ልጄን ከደጄ ልመልሳት? ሰው ምን ይለኛል?"
"ሰውማ ታሟል፣ በላይነሽ።"
አለቀሰች። እኔም ፈራሁ። ልጄን እንዳላጣት ነው የፈራሁት፣ ሌላ ምንም አይደለም። በኋላ ሙሀሲንን ልትጠይቅ ሄደች። በዚህ ሐሩር ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ጥርሱ ሲንገጫገጭ አይታ ተመለሰች። ጓዳ ገብታ የገንፎ ዱቄት መቋጠር ጀመረች።

ኅዳር 2
ራሷ ደብረ ሲና ወጣች! ዱቄት፣ ቅቤ፣ ሦስት ዶሮ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ። እናት ልታርስ ወደ ልጇ ቤት ስትሄድ በዘራችን ታይቶ አያውቅም። ጎረቤት ሲጠይቃት "ምን ላድርግ፣ ባሕሩ ሞቆብኝ!" ትላለች፣ ራሷ ያገኘችው ይመስል። እንደደረሰች ደወለች። "ይሄንን ብርድ ደግሞ ማነው የላከው?" ብላ ጮኸችብኝ። እኔ እንጃ።

ኅዳር 15
ጤና ጣቢያ ወረፋ ሳስይዝ ስልኬ ጮኸ። በላይነሽ ናት። "ተገላገለች! ሴት! ሁለቱም ደህና!" ከኋላዋ ሕፃኗ ትጮሃለች፣ እንዴት ያለ ድምፅ! ሰዉ እንዲሰማ ስልኩን ከፍ አደረግሁ። እንባዬ መጣ። ሰው አየኝ፣ ይየኝ።

ናፊሳ ከወረፋው መሀል፣ ትኩሳቷ ሠላሳ ዘጠኝ ሆኖ፣ ብርድ ልብስ እንደተከናነበች "እልልል!" አለች። ሴቱ ሁሉ ተከተላት። ሰባት ጊዜ። ነርሷ ጌጤ "ኧረ ለሴት ልጅ ሦስት ነው!" ብትል ናፊሳ እየተንቀጠቀጠች "አልሐምዱሊላህ በይ እቴ፣ አንዴ ከጀመርኩ ወባው አያስቆመኝም" አለቻት። ስለ ግድግዳው ሳልነግራት በመቅረቴ ይቅርታ ጠየቅኋት። "መጀመሪያ ኪኒኔን ስጠኝ" አለችኝ።

ዛሬ ወባ የተገኘባቸው አርባ አንድ ናቸው። ስማቸውን አንድ በአንድ አነበብኩ። ሰላማዊት የለችበትም።