ሳይታጠብ የከረመው ፊልም

ሐሙስ፣ ጥር 15

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። እዚህ ጅማ፣ ከቦሳ ኪቶ ሰፈር እስከ መንደራ ቆጪ በእግሬ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ፤ የባጃጅ ሹፌር «አባ፣ ይግቡ» ቢለኝ ዞሬም አላይ። ዱላ አልይዝም። መነጽር አላደርግም። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ፊልም እጠቀልላለሁ፣ ጣቴ ያያል። ታዲያ ዛሬ ልጄ ሰሚራ ምን ትለኛለች? «አባዬ፣ አንተ አሁን ማረፍ ነው ያለብህ።» ማረፍ ለሞተ ሰው ነው!

ያጣላን ጓሮ ያለችው ክፍል ናት። መስኮቷን በቡና ጆንያ ደፍኜ ፊልም የማጥብባት። ሰሚራ ጆንያውን አንስታ፣ መስታወት አስገብታ ልታከራያት ነው። ለማን? ለናስር! መንደራ ቆጪ ፎቶ ቤት ለከፈተው ጎረምሳ። ፎቶ ቤት ይለዋል እንጂ ኮምፒውተር ቤት ነው። አንድ ሰርግ ላይ ሺህ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ያደርግና፣ ቤቱ ገብቶ የሙሽራዋን አፍንጫ ያቀጥናል። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ፎቶ አንስቼ የሰው አፍንጫ ነክቼ አላውቅም።

«አንድ ንዴት አሥር ጊዜ ለኔ ከምትነግረኝ ጻፈው» ብላ ይህን ደብተር ሰጠችኝ። ጻፍኩት። በመሠረተ ትምህርት የተማርኩት ፊደል አልጠፋኝም። እጄ ይዘገያል እንጂ ይደርሳል።

ክፍሏ አትከራይም።

ዓርብ፣ ጥር 16

ከጁምዓ ስመለስ ሐጂ ጀማል ከአጋሮ ደወለ። የሟች ሚስቴ የከድጃ ወንድም ነው። እሁድ የልጁ የሙና ሰርግ ነው። «ፎቶውን ለናስር ሰጥተነዋል። አንተ እንግዳ ሆነህ ና፣ ብላ ጠጣ፣ ተጫወት» አለኝ። ካሜራዬን ካልያዝኩ አልመጣም አልኩት። «አንተ መቼም!» ብሎ ሳቀ።

ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። እዚህ ልጻፈው።

ካሜራዬ የራሺያ ናት። ከባድ ናት፣ ሚስማር ቢመቱባት ምንም አትሆን። ውስጧ ዓምና የጀመርኩት ፊልም አለ። ሦስተኛዋ ላይ ከድጃ አለች።

ከድጃ አርባ ዓመት የፎቶ አንሺ ሚስት ሆና ፎቶ አልተነሳችም። የታጠበውን በልብስ መቆንጠጫ እየሰቀለች የምታደርቀው እሷ ነበረች። የጅማን ሰው ፊት በቃሏ ታውቃለች። ራሷን ግን እምቢ። «ሰው ካሜራ ፊት ቀጥ ሲል ሬሳ ይመስላል» ትለኝ ነበር። ለቀበሌ መታወቂያ በግድ ያነሳኋት ጉርድ አለ። እሷ አይደለችም፣ ያኮረፈች ሌላ ሴትዮ ናት። ሰሚራ ተደብቃ በስልኳ ታነሳት ነበር። ስልኩ ተሰረቀ፣ እናቷም አብራ ተሰረቀች። እንግዲህ የዘመኑ ፎቶ ይኸው ነው።

ዓምና የቡና መድረቂያ ወቅት አጋሮ ወንድሟ ግቢ ሄድን። ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በእጇ እያገላበጠች ሳለ፣ ሳልጠይቃት፣ «አንሳኝ» አለች። አንዴ አነሳኋት። ወር ሳይሞላ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ካሜራዋን አልነካኋትም።

ሰሚራ «አውጥተህ እጠበው ታዲያ» ትለኛለች። ማጠቢያ መድኃኒት የቀረኝ ለአንድ ፊልም ነው። ሦስት የተነሳ፣ ሌላው ሁሉ ባዶ፣ በዚያ ላይ የመጨረሻ መድኃኒቴን ላፍስ? ያላለቀ ፊልም አጥቤ አላውቅም። እሁድ ሰርጉ ላይ እጨርሰዋለሁ። ሰኞ አጥባለሁ።

ሌላም ምክንያት አለ። ካልወጣችስ?

እሁድ፣ ጥር 18

አቃጠለችው። ሙሽራዋ አቃጠለችው።

በሥርዓት ልጻፍ። ጠዋቱ ደግ ነበር። ናስር እንደ ተርብ የሚጮህ ድሮን አስነስቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሙሽሮቹን ይዞ ከቡና ዛፍ ሥር ያቆማቸዋል፣ ያስቃቸዋል፣ ወዲያው ስክሪኑን ያሳያቸዋል። እኔን ሲያይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አባ ፎቶ! ቪንቴጅ፣ የድሮ ነገር እኮ አሁን ተፈላጊ ነው። ካሜራዋን እንደያዙ አንዴ ላንሳዎት!» እንደ ሙዚየም ዕቃ። ጀርባዬን ሰጠሁት።

ሙሽሮቹን አስቀድሜ አነሳሁና ወደ ጓሮ ዞርኩ። ወጥ የምትሠራው አሚና እጇን ጠርጋ መጣች። «አባ ፎቶ፣ የኔ ግን ወረቀት ይሆናል አይደል?» «ይሆናል» አልኳት። እሷን ሳነሳ አይቶ እንጨት ፈላጩ መጣ። አጥር ሥር የተቀመጡ ሁለት እህትማማች አሮጊቶች መጡ፣ ስልክ የሌላቸው፣ ናስር አንዴም ዞሮ ያላያቸው። ተሰለፉልኝ። ወላሂ፣ ልክ እንደ ድሮው፣ አሰንዳቦ በገበያ ቀን ይሰለፉልኝ እንደነበረው። ለሁሉም ወረቀቱን አመጣላችኋለሁ አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለት ፎቶ ብቻ ሲቀረኝ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ደረሰ። ካሜራዋን ወንበር ላይ አድርጌ ናስርን «ማንም እንዳይነካት» አልኩት። «እሺ አባ፣ ይሂዱ» አለኝ፣ ዓይኑ ሰማይ ላይ።

ሰግጄ ስመለስ ሙና በዚያ ሁሉ ፀሐይ መካከል ካሜራዬን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጀርባው ተከፍቷል። ሂና በተቀባ ጣቷ ፊልሙን እንደ ክር እየሳበች ነው። ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ካየ ተቃጠለ ማለት ነው።

«አባባ፣ የታለ? እንዴት እንደወጣሁ ልይ ብዬ እኮ ነው፣ ስክሪኑን አጣሁት!»

ቀኑን ሙሉ ናስር ከካሜራው ጀርባ ፎቶዋን ሲያሳያት ዋለ። የኔም ጀርባው ሲከፈት ፎቶ ያለው መስሏት።

ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። «ምን አባሽ ትነካኪያለሽ!» ማለቴን አውቃለሁ። ድቤው ቆመ። ካሜራዋን ከእጇ ነጠቅኩ። ሙሽራ ናት፣ በገዛ ሰርጓ ቀን፣ ሰው ሁሉ ፊት አለቀሰች። ሐጂ ጀማል ክንዴን ይዞ «ሰውዬ፣ አብደሃል? በልጄ ሰርግ ላይ?» አለኝ። ክንዴን አስለቅቄ፣ ሳልሰናበት፣ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።



ሰኞ፣ ጥር 19

አላጠብኩም። ፊልሙን ጠቅልዬ አውጥቼ ትራሴ ሥር አደረግኩት። ምን እንዳጥብ ነው? ጥቁር ነገር ለማየት?

ሁሉም ላይ ተናድጃለሁ። ሙና ላይ። ሐጂ ጀማል ላይ። ስክሪን የፈጠረው ሰው ላይ። ሰው ለራሱ ፊት ሁለት ቀን መታገሥ ያቅተው? ድሮ ፎቶ የተነሳ ሰው ቤቱ ሄዶ ይጠብቅ ነበር። ሲመጣ ተሽቀዳድሞ ነበር የሚያየው። ዛሬ ሳይቆሙ አይተውት፣ ሳይቀመጡ ረስተውታል።

ከሰዓት ናስር መጣ። በር ላይ አቆምኩት።

«አባ ፎቶ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እርስዎ ጠብቅ ብለውኝ...»

«ሂድ ከዚህ!»

«እሺ፣ እሄዳለሁ። ግን ጀርባው ሲከፈት የሚቃጠለው ከላይ ያለው ነው አይደል? ውስጥ የተጠቀለለው ይተርፋል ይላሉ። ቪዲዮ ላይ አይቼ ነው።»

በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት። የኔን ሥራ ለኔ ከስልክ አይቶ ሊያስተምረኝ!

ከዚያ ግን ተቀመጥኩ። ልክ ነው። ይህን ከመወለዱ በፊት የማውቀው ነገር ነው፣ ንዴት ነው ያስረሳኝ። መጀመሪያ የተነሳው ውስጥ ነው የሚጠቀለለው፤ ከድጃ ሦስተኛ ናት፣ የጥቅልሉ እንብርት ላይ ናት። እርግጥ ሙና ስባ አላልታዋለች፣ ብርሃን በጎን ገብቶ ይሆናል። ቢሆንም ተስፋ አለ።

ደስ ሊለኝ ሲል ሌላው መጣብኝ። ከላይ ያለው ማን ነው ታዲያ? አሚና ናት። እንጨት ፈላጩ ነው። አሮጊቶቹ ናቸው። የተቃጠሉት እነሱ ናቸው። እኔ ለራሴ ስጮህ፣ ወረቀት የቀረባቸው እነሱ ናቸው።

አስተግፊሩላህ። ይህም አናደደኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

አጠብኩ።

ልጀምር ስል መብራት ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ «ኤጭ!» አለ። እኔ ሳቅኩ። ለፊልም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጨለማ ነው፣ ጨለማውን በነፃ ሰጡኝ።

መጠቅለያው ላይ ለማስገባት ግን ጣቴ እምቢ አለኝ። ሁለቴ ፊልሙ ከመጠቅለያው ጥርስ ወጣ። ላብ አጠመቀኝ። ጮክ ብዬ ተሳደብኩ፣ ሰሚራ ከውጭ «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» ስትል «ምንም!» አልኳት። በሦስተኛው ገባ። መድኃኒቱን አፈሰስኩ፣ ነቀነቅኩ፣ አጠብኩ፣ ከፈትኩ።

የሰርጉ ጫፍ ከሰል ነው። አሚና የለችም። አሮጊቶቹ የሉም። ወደ ውስጥ ሲገባ ጥቁሩ እየሳሳ ይሄዳል። ሙሽሮቹ በግማሽ አሉ። ከዚያ መጀመሪያው ጫፍ ላይ፣ አለች። ከላይ ጠርዙ ላይ ብርሃን በፊልሙ ቀዳዳዎች ገብቶ እንደ ጥርስ ተደርድሯል፣ ፊቷ ጋ ግን አልደረሰም።

አለች። አልሐምዱሊላህ።

በር ላይ ወጥቼ ለፀሐይ ያዝኩት። ኔጋቲቭ ላይ የሰው ፊት ጥቁር ነው፣ ዕድሜ ልኬን አንብቤዋለሁ። ዛሬ ግን ይጭበረበርብኛል። አፏ የተዘጋ መሰለኝ። ያኮረፈች መሰለኝ። እንደ መታወቂያው። አንዴ እሺ ብላኝ፣ ያንኑ ፊት ነው ያነሳሁት?

በከድጃ መቆንጠጫ ሰቅዬው ገባሁ። እራት አልበላሁም።

ረቡዕ፣ ጥር 21

ሰሚራ ጠዋት ተሰቅሎ አየችው። ጣቷ እንዳይነካው ተጠንቅቃ ቆማ ቆየች። «አባዬ፣ ይህቺ ጥቁሯ እናቴ ናት?» አለች። «ናት» አልኳት። «አትታየኝም እኮ» ብላ አለቀሰች።

ማተሚያ ወረቀቴን አወጣሁ። እርጥበት በልቶት ቢጫ ሆኗል። የማተሚያው መስታወት ሻግቷል። ሦስት ሰዓት ያህል ታገልኩ። በመጨረሻ ደብተሬ ላይ ለመጻፍ የሚከብደኝን ነገር ተናገርኩ፦ «ያንን ጎረምሳ ጥሪው።»

ናስር ፈርቶ ገባ። ላፕቶፑን ከፍቶ ስክሪኑን ነጭ አደረገው። ኔጋቲቩን ከፊቱ ያዝኩለት፣ በእጁ እንዲነካው አልፈቀድኩም። በስልኩ አነሳው። አንድ ነገር ጫን አደረገ፣ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆነ።

ከድጃ መጣች።

አፏ የተዘጋ አይደለም! ተከፍቷል። አንድ እጇ ወደኔ ተነስቷል፣ ከጣቶቿ መካከል ቡና እየረገፈ ነው። ወዲያው ድምጿ መጣልኝ። እኔ ካሜራውን ሳስተካክል፣ ስጠጋ ስርቅ፣ ምን አለችኝ? «ቶሎ በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! ቡናው ደርቆ አለቀ!»

ያኮረፈች አይደለችም። እየተቆጣችኝ ነው።

ሰሚራ እያለቀሰች ሳቀች። «እሷ ናት! በአላህ፣ እሷ ራሷ ናት!» አንድ ዓመት ሙሉ በቤቱ ውስጥ የሚቆጣኝ ሰው ጠፍቶ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አየሁ። ቡናው ፍሬ በፍሬ ይቆጠራል። ፊቷ ግን ትንሽ ደብዝዟል። ብርሃን የገባበት አይደለም። የኔ ዓይን ነው፣ ያን ቀን ካሜራውን ፊቷ ላይ አጥርቼ አላስተካከልኩትም። ናስርም አየው። ፎቶ አንሺ ነውና ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝ፣ ዝም አለ። ዝም ማለቱን ቆጥሬለታለሁ።

ቆይቶ በቀስታ «አባ፣ ትንሽ ላጥራት?» አለኝ።

«እንዳትነካት!»

«አልነካሁም፣ አልነካሁም» ብሎ እጁን አነሳ።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ናስር ከድጃን በወረቀት አትሞ አመጣት። ወረቀቱ ስስ ነው። ሰቅያታለሁ። ሰሚራ ሙና ደውላ «የአባባ ካሜራ ተበላሸ ወይ?» ብላ እንደጠየቀች ነገረችኝ። የተሰደበችው እሷ፣ ለካሜራዬ የምታስበው እሷ። ልጅቷን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ፊልም አለኝ፣ የመጨረሻው። ቅዳሜ አጋሮ እሄዳለሁ። ሰሚራ «አብሬህ ልሂድ፣ እኔ አስታርቅሃለሁ» አለች። እምቢ አልኳት። ዕዳው የኔ ነው፣ ራሴ እከፍላለሁ።

ለሙና፦ ይቅርታ። በስልክ አይደለም፣ ባሏ ባለበት፣ በአፌ። ካሜራዋንም ከፍቼ ውስጧን አሳያታለሁ፣ ያኔ ፊልም ሳይኖርባት።

ለሐጂ ጀማል፦ ሳልሰናበት መውጣቴን። ብዙ ይናገረኛል። እሰማዋለሁ። ግማሹን።

ለአሚና፣ ለእንጨት ፈላጩ፣ ለሁለቱ አሮጊቶች፦ እንደገና ማንሳት፣ ወረቀቱንም በእጃቸው መስጠት። የአሮጊቶቹን ስም አልጠየቅኩም ነበር። እጠይቃለሁ።

ለናስር፦ መድኃኒት ከአዲስ አበባ ላስመጣ ብሏል። እሺ አላልኩትም፣ እምቢም አላልኩትም። ጨለማ ክፍሏ ውስጥ ፊልም መጠቅለል አሳየዋለሁ። ጆንያው ግን አይነሳም።

ለራሴ ዓይን፦ መነጽር። ከአጋሮ በፊት፣ ነገውኑ።

ለከድጃ፦ ቶሎ በል ብላኛለች። እሺ።