የጥጃ ሣር

ልጄ ሉሲ፣

እመብርሃን በሄድሽበት ትቅደምልሽ። እንደ ልጅነትሽ አካም፣ ናጋ? ልበልሽ። ሊበን ሜዳ ላይ ዘንድሮም ዝናብ ጠብ አላለም።

ክልል የሚባለው ስም አዲስ የመጣ ጊዜ፣ አባትሽን «ምን ማለት ነው?» ብለሽው ነበር። አስተማሪ አይደል፣ መናገር አልበቃው ብሎ ሊበን ድረስ በእግር ወሰደሽ። ከብት አርቢዎቹ ለጥጃ ያጠሩትን ሣር አሳይቶ፣ «ከለለ ከሚለው የመጣ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ደካማው እንዲተርፍበት የተጠበቀ ቦታ» አለሽ። አንቺም «እኛ ጥጃ ነን?» ብለሽ አሳቅሽን።

ባለፈው ሳምንት ቀበሌ ቅጽ ስሞላ፣ «ክልል» የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥሁት። ጸሐፊዋ ተቀብላ ሞላችልኝ። የአባትሽ የሞት ምስክር ወረቀት ነበር፣ ልጄ። አርባው ወጥቷል። «ሰው አገር ብቻዋን እንዳትሰማ» ብሎ ስለለመነኝ ደበቅሁሽ።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሀፊዛ ወደ ቤይሩት ስትመለስ በእጅሽ እንድትሰጥሽ፣ አንብበሽ እስክትጨርሺም ከአጠገብሽ እንዳትነሳ ያስማልኳት ለዚህ ነው።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ብቻሽን አታልቅሺ። አሁን ቀና በይና ሀፊዛን ተመልከቻት። እሷ ትከልልሽ።

እናትሽ በዛብሽ
ነጌሌ