መሀል ላይ የሚጠፋው ኮምፒውተር

ሰኞ
ዛሬም ጠፋ። ጥቂት መስመር ጽፌ ሳልጨርስ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ተዘበራረቀና ቀጥ አለ። ቡልጋሪያ ተምሬ ስመለስ ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ያመጣኋቸውን ዕቃዎች ስበይድ ከርሜ፣ ከቴሌቪዥናችን ጋር አገናኝቼ፣ ኮምፒውተር ሠራሁ ብዬ ደስ ሳይለኝ። አንዳንዴ ቶሎ፣ አንዳንዴ ቆይቶ ይቆማል። ሥርዓት የለውም። ያደከመኝ እሱ ነው።

ማክሰኞ
ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ የቀበሌው ሊቀመንበርና አንድ አብዮት ጥበቃ ደጃፌ ቆመዋል። የጎረቤታችን የእትዬ በላይነሽ ቴሌቪዥን ማታ ማታ መስመር እየሠራ አስቸግሯል፤ እኔ ቤት መልእክት የሚያስተላልፍ ሬዲዮ አለ ያለም ሰው አለ አሉኝ። የሒሳብ መሣሪያ ነው፣ ላሳያችሁ ብዬ ከፈትኩት። ሲጠይቁኝ ስመልስ ቆየንና ልክ ማሳየት ስጀምር ጠፋ።
ሊቀመንበሩ ረጋ ብሎ፣ «እኛን ሲያይ ነው የሚጠፋው?» አለኝ።
ቅዳሜ እንመለሳለን፣ እስከዚያ ዕቃው ከቤት እንዳይወጣ ብለው ሄዱ። ባለቤቴ አስቴር እራት አልበላችም። ታላቅ ወንድሟን በዚያ ክፉ ጊዜ ለአንድ ጥያቄ ብለው ከቤት ወስደውት አልተመለሰም። ይህን መጻፍም አልነበረብኝም።

ረቡዕ
ሜሞሪዎቹን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ጠፋ።
ብየዳውን አንድ በአንድ ደገምኩት። የመበየጃው ስታኞ አልቆብኝ ጦር ኃይሎች ሰፈር ድረስ ሄጄ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ለመንኩ። የሳጥኑን ክዳን ገጥሜ ሞከርኩ። ጠፋ።
መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ ይሆን ብዬ ለካሁ። ደህና ነው።
ዓይኔን ያቃጥለኛል። አስቴር ፈታተህ ጣለው ትላለች። ብጥለው ደግሞ ደበቀው ይላሉ።

ሐሙስ
ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ የሳጥኑን ክዳን እንዳወለቅኩ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል። አስቴር ከሆስፒታል ሥራዋ ገብታ ቀሰቀሰችኝ። እንደበራ ትተህ ነው የተኛኸው አለችኝ። ለካ ያን ሁሉ ሰዓት አልጠፋም። ክዳኑን ገጠምኩ፤ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ከፈትኩት፤ ሠራ። ኃይሉን የምትመጥነዋን ዕቃ ብነካት ጣቴን ጠበሰችኝ።
ሙቀት ነው። ሌላ ምንም አይደለም፣ ሙቀት።

ዓርብ
ሙቀቱን ስቦ የሚያወጣ ነገር ያስፈልጋታል። አስቴር ሳልጠይቃት አሮጌ የአሉሚኒየም ትሪ አምጥታ ቁረጠው አለች። ቆርጬ በብሎን አሰርኩላት። የሳጥኑንም ክዳን በሳሳሁት። ተገጥሞ እስኪመሽ ሠራ። ያም ሆኖ አላመንኩትም።

ቅዳሜ
መጡ። እትዬ በላይነሽንም ይዘዋቸው መጡ፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሊቀመንበሩ የሚደመር ቁጥር ሰጠኝ። ኮምፒውተሩ ደመረ። ሌላ ሰጠኝና ራሱ በወረቀት እየሠራ አመሳከረ። አልጠፋም። ከዚያ ተነስቶ ሽቦዎቹን በእጁ ተከተለ፤ ከቴሌቪዥኑና ከማብሪያው ሌላ የሚሄዱበት የለም።
እውነቱን ተናገርኩ። የእትዬን ቴሌቪዥን የሚረብሸው ይኸው ኮምፒውተር ነው፤ ከእንግዲህ ቴሌቪዥን በሚታይበት ሰዓት አልከፍተውም አልኩ።
እትዬ በላይነሽ ቀና አሉ። «በዜናው ሰዓት ይክፈተው ግድ የለም፤ እኔ የቸገረኝ ድራማው ላይ ነው።»
አብዮት ጥበቃው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። አስቴር የቀዳችለትን ሻይ ጨርሶ ወጣ። ይመለሱ አይመለሱ አልተናገረም።
አስቴር በሩን ዘግታ እዚያው ተደግፋው ቆየች፤ ከዚያ ርቦኛል አለች።
ኮምፒውተሩ አሁንም እንደበራ ነው። ተነስቼ የማጠፋበት ጉልበት የለኝም።